ለድንጋዩ ዋስ የቆመው ሰው፦ ፒዬታ እንዴት ተሠራ

ሮም ውስጥ ኦገስት 27 ቀን 1498 የተጻፈ አንድ ውል ቃሉ ሳይጠፋ እኛ ዘንድ ደርሷል። (እዚህ የምጠቅሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ውሉ ውስጥ ሦስት ሰዎች አሉ፤ አሠሪ፣ ሠሪና ዋስ። አሠሪው የፈረንሳይ ንጉሥ እንደራሴ ሆነው ሮም የተቀመጡት ካርዲናል ዣን ደ ቢሌር ናቸው። ሠሪው የ23 ዓመቱ ማይክል አንጄሎ ቡኦናሮቲ ነው። ዋሱ ጃኮፖ ጋሊ የሚባል ሮማዊ ባለ ባንክ ነው።

የሚሠራው ነገር በአጭሩ ተገልጿል፦ ከእብነ በረድ የተቀረጸች፣ ልብስ የለበሰች ድንግል ማርያም፣ የሞተውን ክርስቶስን በክንዷ የያዘች፣ መጠኑ እንደ ሰው ቁመት። ዛሬ ፒዬታ የሚባለው ሐውልት ይህ ነው። ዋጋው 450 የወርቅ ዱካት፣ ጊዜው አንድ ዓመት። ሥራው ከመጀመሩ በፊት 150 ዱካት፣ ከዚያ በየአራት ወሩ 100 ዱካት ይከፈላል። እስከዚህ ድረስ ማንኛውም የሥራ ውል ነው። ለየት የሚለው ጋሊ ከታች ያስገባው ቃል ነው። ሥራው ዛሬ በሮም ካሉት የእብነ በረድ ሥራዎች ሁሉ የሚበልጥ እንደሚሆን፣ በዘመኑ ካሉ ባለሙያዎችም ከዚህ አሻሽሎ የሚሠራ እንደሌለ ለካርዲናሉ ያረጋግጣል። ለማይክል አንጄሎ ደግሞ ካርዲናሉ እንደሚከፍሉ ያረጋግጣል።

ዋስ የሚጠራው ተበዳሪ እንዳይጠፋ፣ ገንዘብ ያዡም ሒሳብ እንዳያጎድል ነው። ለውበት ዋስ መሆን ግን ምን ማለት ነው? ሐውልቱ ሲያልቅ «ከሮም ሁሉ አልበለጠም» ብሎ የሚከራከር ሰው ቢመጣ ማን ይዳኛል? ባለ ባንክ ደግሞ ሲያመሰግንም ሒሳቡን አስልቶ ነው። ጋሊ ያንን ቃል ሲሰጥ ማይክል አንጄሎ ሮም ውስጥ የሚታወቀው በሁለት ነገር ብቻ ነበር፦ እንደ ጥንት ዕቃ ተሸጦ በተጋለጠ አንድ ሐውልት፣ ያዘዙት ሰው ባልወሰዱት ሌላ ሐውልት። እኔ ይህን ጉዳይ የመረጥኩት በዚህ ምክንያት ነው። ስለ ፒዬታ ሲወራ ሁልጊዜ ተሰጥዖ ይነሣል፤ ተሰጥዖውን ወደ 450 ዱካት ሥራ ያሻገረው ሰው ግን እምብዛም አይነሣም።

ማይክል አንጄሎ የተወለደው ማርች 6 ቀን 1475 ካፕሬዘ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። አባቱ ሎዶቪኮ ለጊዜው የከተማዋ ሹም ሆኖ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ቤተሰቡ ወደ ፍሎረንስ ተመለሰ። ሕፃኑን ያጠባችው የሴቲኛኖ ሴት ናት። ሴቲኛኖ የድንጋይ ጠራቢዎች መንደር ነች፤ ሸምግሎም «መሮና መዶሻውን ከሞግዚቴ ወተት ጋር ነው የጠባሁት» እያለ ይቀልድ ነበር። ስድስት ዓመቱ ላይ እናቱ ሞተች። ቡኦናሮቲዎች ገንዘብ ያለቀባቸው፣ ኩራት ግን ያላለቀባቸው የድሮ ቤተሰብ ነበሩ። ልጃቸው በእጁ ሠርቶ የሚያድር መሆኑ ለአባቱ ውርደት ነበር፤ የእጅ ሙያ ንቀት የእኛ አገር ብቻ በሽታ አልነበረም።

ያም ሆኖ በ1488 አባቱ ለሠዓሊው ዶሜኒኮ ጊርላንዳዮ ለሦስት ዓመት ተለማማጅ አድርጎ አስገባው። በውሉ መሠረት መምህሩ በሦስቱ ዓመት ለተማሪው 24 ፍሎሪን ይከፍላል። ሦስቱን ዓመት ግን አልጨረሰም። የፍሎረንስ ጌታ ሎሬንዞ ዴ ሜዲቺ የጥንት ሐውልቶች ወዳስቀመጠበት የሳን ማርኮ አጠገብ አትክልት ቦታ ተሻገረ፤ እዚያ አሮጌው ቀራፂ ቤርቶልዶ ነበር። ከዚያም ሎሬንዞ ቤቱ አስገባው። ሁለት ዓመት ያህል ከሜዲቺ ልጆችና ከገጣሚው ፖሊዚያኖ ጋር በአንድ ገበታ በላ። የፖሊዚያኖን ስም አንባቢ ይያዝልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ሎሬንዞ በ1492 ሞተ። ልጁ ፒየሮ ለማይክል አንጄሎ የሰጠው የሚታወስ ትእዛዝ በ1494 ክረምት ፍሎረንስ በረዶ ሲጥልባት ከበረዶ ሐውልት እንዲሠራ ነበር። ሠራው፤ ቀለጠ። በዚሁ ጊዜ ግን ለኋላው ሥራ የሚጠቅም ነገር አግኝቷል። የሳንቶ ስፒሪቶ ገዳም አለቃ ፈቅደውለት በሆስፒታሉ አስከሬን እየከፈተ ጡንቻና ጅማት ያጠና ነበር። ሜዲቺዎች ሊባረሩ ሲሉ ወደ ቦሎኛ ሸሸ፤ እዚያ ለቅዱስ ዶሚኒክ መቃብር ሦስት ትንንሽ ምስሎች ሠርቶ በ1495 መጨረሻ ገደማ ተመለሰ።

አሁን ማጭበርበሩ ጋ ደረስን። ፍሎረንስ በዚያ ጊዜ በመነኩሴው ሳቮናሮላ ስብከት የተያዘች፣ ለጥበብ ገንዘብ የሚያወጣ የጠፋባት ከተማ ነበረች። ማይክል አንጄሎ የተኛ ሕፃን ኩፒድ፣ ማለትም የሮማውያን የፍቅር አምላክ፣ ቀረጸ። ከሜዲቺዎች የሌላው ቅርንጫፍ ሰው የሆነው ሎሬንዞ ዲ ፒየርፍራንቼስኮ አየውና መሬት ውስጥ ተቀብሮ የኖረ ቢያስመስለው ሮም ልኮለት በብዙ እንደሚሸጥ መከረው። አስመሰለው። ባልዳሳሬ ዴል ሚላኔዘ የሚባል ነጋዴ ለካርዲናል ራፋኤሌ ሪያሪዮ እንደ ጥንት ሥራ አድርጎ በ200 ዱካት ሸጠው፤ ለሠሪው የላከው 30 ዱካት ነበር። ከማጭበርበሩ ውስጥ ሌላ ማጭበርበር!

ካርዲናሉ ነቁ። ዕቃውን መልሰው ገንዘባቸውን ተቀበሉ፤ ግን አንድ ነገር አሳሰባቸው፦ ዐይናቸውን ያታለለው እጅ የማን ነው? ሰው ወደ ፍሎረንስ ላኩ። ማይክል አንጄሎ ሸምግሎ ሲያጫውት እንዳለው፣ የተላከው ሰው የሠራኸውን አሳየኝ ሲለው የሚያሳየው ስላልነበረው ብዕር አንሥቶ አንድ እጅ ሥሎ ሰጠው። ይህን ታሪክ ያጻፈው ራሱ ባለ ጉዳዩ ስለሆነ በጥርጣሬ ማንበብ አይከፋም። ሮም የገባበት ቀን ግን ከራሱ ደብዳቤ ይታወቃል፤ ጁን 25 ቀን 1496።

ደብዳቤው የተጻፈው ከሳምንት በኋላ ነው። ካርዲናሉ የጥንት ሐውልቶቻቸውን አሳይተው፣ አንድ የሚያምር ነገር ልትሠራ ልብህ ይደፍራል ወይ ብለው ጠይቀውታል። እነዚህን የሚያህል አልሠራም፣ የምችለውን ግን ታያላችሁ አለ። ወዲያው ለአንድ ሙሉ ሰው የሚበቃ ድንጋይ ተገዛለት። በዚያው ደብዳቤ ኩፒዱን ለማስመለስ ነጋዴውን እንዳነጋገረ ይናገራል፤ ባልዳሳሬ ከምመልሰው መቶ ቦታ ልሰባብረው ብሎ እንደጮኸበትም። ሐውልቱ ኋላ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ኖሮ ጠፍቷል።

ለሪያሪዮ የሠራው ባኩስ ነው፤ የወይን ጠጅ አምላክ፣ ጽዋውን አንሥቶ በስካር የሚወላገድ፣ ቁመቱ ሁለት ሜትር ያህል። ዛሬ ፍሎረንስ ባርጄሎ ሙዚየም ያለ ሰው ሊያየው ይችላል። ገላው የለሰለሰ፣ ዐይኑ የፈዘዘ፣ በእውነት ሊወድቅ የደረሰ ነው። አንድ ካርዲናል ቤቱ መግቢያ ላይ ሊያቆመው የሚፈልገው ዓይነት ነገር ላይሆን ይችላል፤ ብቻ ሪያሪዮ አልወሰዱትም። የቆመው በጎረቤታቸው በጃኮፖ ጋሊ አትክልት ቦታ፣ በጥንት ፍርስራሾች መካከል ነው። ጋሊ ዋስ የሆነው ለማያውቀው ሰው አልነበረም ማለት ነው። በየማለዳው ከቤቱ ሲወጣ የሚያየው ሐውልት ለዚህ እጅ ምስክር ነበረ።

የ1497 ደብዳቤዎቹ አሳዛኝ ናቸው። ለአባቱ ሲጽፍ ከካርዲናሉ ጋር ሒሳቡ ስላልተዘጋ መምጣት አልቻልኩም፣ ከትልልቅ ሰዎች ጋር ቀስ ማለት ያስፈልጋል፣ አይገፉምና ይላል። በኦገስት ደግሞ፦ ፒየሮ ዴ ሜዲቺ ሐውልት ሊያሠራው ቃል ገብቶ ቃሉን አጥፏል። በአምስት ዱካት የገዛው ድንጋይ መጥፎ ሆኖ ገንዘቡ ባከነ። ሌላ በአምስት ዱካት ገዝቶ ለራሱ ደስታ እየሠራ ነው። ሮም በገባ በአንድ ዓመቱ የ22 ዓመቱ ልጅ አሠሪ ያልነበረው፣ ድንጋይ በራሱ ኪስ የሚገዛ ሰው ነበር።

ከሦስት ወር በኋላ ነገሩ ተለወጠ። ኖቬምበር 18 ቀን 1497 ካርዲናል ቢሌር ለሉካ ከተማ ሽማግሌዎች ጽፈው፣ ማይክል አንጄሎ ወደ ካራራ ድንጋይ ሊመርጥ እንደሚሄድ፣ እንዲተባበሩት ጠየቁ። ቢሌርን ከልጁ ጋር ያገናኛቸው ጋሊ ነው ብሎ ማሰብ የሚያስኬድ ይመስለኛል፤ ልጁን የሚያውቅ ባለ ባንክ ነበርና። ልብ በሉ፤ ቀራፂው ድንጋይ ፍለጋ የሄደው ውሉ ከመፈረሙ ዘጠኝ ወር ቀድሞ ነው። በመካከል፣ ኤፕሪል 1498፣ የቢሌር ንጉሥ ሻርል ስምንተኛ ሞተ። እንደራሴ ያለ ንጉሡ ነገ የት እንደሚያድር አያውቅም። በኦገስት ሁሉም በወረቀት ላይ እንዲሰፍር የተፈለገው፣ ዋስትናውም በሁለቱም ወገን የሆነው፣ ምናልባት ከዚህ የተነሣ ይሆናል።

ከሮም እስከ ካራራ ተራሮች የብዙ ቀን መንገድ ነው። ድንጋይ ገበያ ላይ መግዛት ሲቻል ለምን ይሄዳል? አምስት ዱካት ያባከነበት ድንጋይ መልስ ይመስለኛል። እብነ በረድ ከላይ ነጭ ሆኖ ከውስጥ ጥቁር ጅማት ወይም ስንጥቅ ሊኖረው ይችላል፤ ጉዳቱ የሚታየው የወር ሥራ ከፈሰሰበት በኋላ ነው። ስለዚህ ከተራራው ሲቆረጥ ማየት፣ በመዶሻ እያንኳኩ ድምፁን መስማት፣ መጠኑን ለክቶ ማስጠረብ ይሻላል። ከዚያ ድንጋዩ በበረዶ መንሸራተቻ በመሰለ የእንጨት መጎተቻ ከቁልቁለቱ ይወርዳል፣ በበሬ ሠረገላ ባሕር ይደርሳል፣ በመርከብ ወደ ሮም ይሄዳል፣ በቲቤር ወንዝ ሽቅብ ይጎተታል።

አሁን ዋናው ችግር። ሞቶ በእናቱ ጭን ላይ የተጋደመ ጌታ በጀርመንና በፈረንሳይ የተለመደ ምስል ነበር፣ አብዛኛው ከእንጨት። ቢሌር ፈረንሳዊ ናቸውና ለመቃብራቸው ያገራቸውን ነገር መፈለጋቸው አይገርምም። ኢጣሊያ ውስጥ በእብነ በረድ በዚህ መጠን ሲሠራ ግን ልማድ አልነበረም። በሰሜኖቹ ሥራዎች ውስጥ አንድ ነገር ሁልጊዜ ዐይን ይቆረቁራል፤ የ33 ዓመት ወንድ በአንዲት ሴት ጭን አይበቃም። እግሩ አንድ ወገን፣ ራሱ ሌላ ወገን ደርቆ እንደ ጣውላ ይወጣል። አንዳንዱ ሠሪ ክርስቶስን ልጅ እስኪያህል ድረስ አሳንሶት አረፈ።

ማይክል አንጄሎ ያሳነሰው እሱን አይደለም፤ እሷን አገዘፈ። እመቤታችን ብትነሣ ከልጇ እጅግ ትረዝማለች። ይህ ለምን አይታየንም? ራሷን በልኩ ስለተወው ነው፤ ዐይናችን ሰውን የሚለካው ከፊቱ ጀምሮ ነው። ትርፉን ሁሉ ልብሱ ዋጠው። ቀሚሷ ጉልበቷ ላይ ተዘርግቶ ወደ ታች በጥልቅ እጥፋት ይወርዳል፣ ሰፊ መሠረት ይሆናል፣ ከዚያ ሁሉ ነገር እየጠበበ ወደ ራሷ ይወጣል። ቁመቱ 174፣ ስፋቱ 195 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ከቁመቱ ስፋቱ ይበልጣል፣ ተመልካች ግን ወደ ላይ የሚወጣ ነገር ያየ ይመስለዋል። እናትየዋን ያለ ልጇ፣ በቀሚሷ ብቻ ብታስቡት የጨርቅ ተራራ ነው የሚሆነው።

ቀኝ እጇን ቀርባችሁ እዩት። በልጇ ብብት ሥር ገብቶ ይደግፈዋል፤ በጣቶቿና በገላው መካከል ጨርቅ አለ፣ ሥጋው በጣቶቿ ግፊት በትንሹ ተነሥቷል። ግራ እጇ ክፍት ነው፣ መዳፉ ወደ ላይ። ጩኸት የለም፣ ፀጉር መንጨት የለም። ምስማሩ የወጋበት ቀዳዳ እጅግ ትንሽ ነው፤ ክንዱ ላይ ግን የደም ሥሮቹ ገና እንዳበጡ ናቸው። ይህ ሳንቶ ስፒሪቶ ውስጥ ሬሳ እያዩ የተማሩት ነገር ነው።

የእጁ ሥራ በየደረጃው ነበር። በሹል መሮ ትርፉ ድንጋይ ይወገዳል፣ በጥርሳም መሮ ቅርጹ ይወጣል፣ ከዚያ ጠፍጣፋው መሮና ሞረዱ። የቀሚሱ እጥፋት ጥልቅ ስለሆነ መሰርሰሪያ ያስፈልገዋል፤ ጨለማው የሚፈጠረው በመሰርሰሪያ ነው። በመጨረሻ ሳምንታት የሚወስደው ማለስለስ፣ ክብደቱ ቀላል በሆነ የእሳተ ገሞራ ድንጋይና በመሳሰለው ማሸት። የፒዬታ ገላ እንደ ሰም ያበራል። ማይክል አንጄሎ በሕይወቱ ሌላ ሥራ ይህን ያህል አላለሰለሰም፤ በሸመገለ ጊዜ የሠራቸው ሌሎች ፒዬታዎች ሻካራ ናቸው፣ የመሮው ጥርስ ይታይባቸዋል። እኔ እንደሚመስለኝ ይህ ልስላሴ ከዋስትናው ተለይቶ አይታይም። «ከሮም ሁሉ የሚበልጥ» የሚል ቃል የተገባለት የ23 ዓመት ሰው ምንም ነገር ለአጋጣሚ አይተውም።

ሥራው ሲታይ የተነሣው ወቀሳ እንዴት ይህች ወጣት የ33 ዓመት ልጅ እናት ትሆናለች የሚል ነበር። መልሱን ለሕይወት ታሪክ ጸሓፊው አስኮኒዮ ኮንዲቪ ነገረው፤ ንጹሓን ሴቶች ከሌሎቹ ይልቅ ትኩስ ሆነው ይቆያሉ፣ ድንግል ማርያም ደግሞ የቱን ያህል! ይህ ለምእመን የሚበቃ መልስ ነው። ለቀራፂ ግን ሌላም ምክንያት ሊኖር ይችላል፤ ፊቷ ላይ የዕድሜ መስመር ቢገባ ያ የረጋ ሐዘን ይበጠበጥ ነበር።

ደረቷ ላይ ጠፍር ወርዷል፣ በላዩም በላቲን ስሙ አለ። ስሙን የጻፈበት ብቸኛ ሥራው ይህ ነው። የሠዓሊዎችንና የቀራፂዎችን ሕይወት የጻፈው ጆርጆ ቫሳሪ እንደሚተርከው፣ የሎምባርዲ ሰዎች ሐውልቱን ሌላ ሰው የሠራው ነው ሲሉ ሰምቶ ማታ መብራት ይዞ ገብቶ ቀረጸው። ደስ የሚል ተረት ነው፣ አላምነውም። ጠፍሩ ልብሱን አይዝም፣ ምንም አያስርም፤ ለጽሑፉ ሲባል ከመጀመሪያው የታሰበ ነው የሚመስለው። ይልቅ ግሡን እዩ። ጽሑፉ የፍሎረንሱ ማይክል አንጄሎ ቡኦናሮቲ «ሠራው» አይልም፣ «ይሠራው ነበር» ነው የሚለው። አማርኛ አንባቢ ልዩነቱን ያለ ማብራሪያ ያውቀዋል፤ አንዱ ያለቀ ነው፣ ሌላው በመካከል የቆመ። የጥንቱ ሮማዊ ጸሓፊ ፕሊኒ ታላላቆቹ ግሪኮች እንዲህ ይፈርሙ እንደነበር፣ ሥራቸው ገና ሊታረም እንደሚችል ለማሳየት፣ ጽፏል። በዚህ አጻጻፍ ላይ አስተያየት ከሰጡት አንዱ የሜዲቺ ገበታ ላይ የነበረው ፖሊዚያኖ ነው። ልጁ በልቶ ብቻ አልተነሣም ነበር።

ካርዲናል ቢሌር ኦገስት 6 ቀን 1499፣ የውሉ ዓመት ሊሞላ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ሞቱ። የተቀበሩት በሳንታ ፔትሮኒላ ነው፤ ይህ የፈረንሳይ ነገሥታት ጸሎት ቤት፣ ከአሮጌው የቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ደቡብ ጎን የተጣበቀ ክብ ሕንፃ ነበር። ሐውልቱም እዚያ ቆመ። ከዚያ በጥቂት ርምጃ፣ ከቅዱስ ጴጥሮስ በስተጀርባ፣ የኢትዮጵያ መነኮሳት የሚኖሩበት የቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም ነበር፤ ዛሬም ቤተ ክርስቲያኑ በቫቲካን አጥር ውስጥ አለ። ከኢየሩሳሌም አልፈው ሮም የደረሱ አባቶች በ1500 ኢዮቤልዩ ሰሞን ያንን በር ሲያልፉ ሐውልቱን ሳያዩት አይቀሩም ብዬ አስባለሁ። ልጇን ያዘለችውን ወይም ያቀፈችውን እመቤት በሥዕል ለሚያውቅ ሰው፣ በድንጋይ የሞተ ልጇን ያቀፈች ማየት ምን ዓይነት ነገር ይሆን? ሳንታ ፔትሮኒላ ብዙም አልቆየችም፤ አዲሱ ቅዱስ ጴጥሮስ ሲሠራ ፈረሰች፣ ሐውልቱም ከቦታ ቦታ ሲዞር ኖሮ በ18ኛው መቶ ዘመን በአዲሱ ቅዱስ ጴጥሮስ ውስጥ አሁን ያለበት ቦታ ገባ። በ1972 አንድ ሰው በመዶሻ ክንዷንና አፍንጫዋን ከሰበረ ወዲህ የምናያት በጥይት መከላከያ መስተዋት ጀርባ ነው።

ጋሊ ግን በፒዬታ አልተወሰነም። በ1501 ለካርዲናል ፒኮሎሚኒ፣ ለሲዬና ካቴድራል 15 ሐውልቶች ይሠራል ተብሎ ውል ሲጻፍ ዋሱ አሁንም እሱ ሆነ። በዚያው ዓመት በኦገስት ማይክል አንጄሎ ፍሎረንስ ውስጥ የዳዊትን ሐውልት የሚቀርጽበትን ድንጋይ ተረከበ። ከ15ቱ ያስረከበው አራት ብቻ ነው። ጉዳዩ 60 ዓመት ሳይዘጋ ቆየ፤ በ1561፣ 86 ዓመቱ ላይ፣ ለወንድሙ ልጅ ለሊዮናርዶ ደብዳቤ ጽፎ፣ ከሞተ በኋላ ዕዳው በእነሱ ላይ እንዳይመጣ የዚያን ውል ግልባጭ በአባቱ በሎዶቪኮ ወረቀቶች ውስጥ እንዲፈልግለት ጠየቀው።